ፎርሙ ሃይማኖትህን ለምን ይጠይቃል?

ሃይደራባድ በተማርኩባቸው ዓመታት እሑድ እሑድ አብሬው ቤተ ክርስቲያን የምሄድ ጓደኛ ነበረኝ። ከጉንቱር ወዲያ ካለች መንደር የመጣ፣ ኬሚስትሪ የሚያጠና፣ «እናንተም በእጅ ነው የምትበሉት፣ ዘመዶቼ ናችሁ» እያለ የሚያስቀኝ ልጅ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሁሉም የሚጠራው በአንድ ሐዋርያ ስም ነው። ዩኒቨርሲቲው መዝገብ ላይ ያለው ስሙ ግን ሌላ ነው። አንድ ቀን አብረን ፎርም ስንሞላ አጮልቄ አየሁበት። ሃይማኖት ከሚለው ፊት ለፊት «ሂንዱ» ብሎ ጻፈ።

«ተሳስተሃል» አልኩት።

«አልተሳሳትኩም።»

«ታዲያ እሑድ የት ነው የምንሄደው?»

«እሑድ ሌላ፣ ሰኞ ሌላ» አለኝና ፈረመበት።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፈረድኩበት። አያቴ ማተቧን ከአንገቷ ሳታወልቅ የተቀበረች ሴት ናት። እኛ ቤት ማተብ የበጠሰ ሰው ስሙ አይነሣም። «ለስኮላርሺፕ ብሎ የካደ» ብዬ በልቤ ጻፍኩት፤ ለሁለት ሦስት ሳምንትም አብሬው ስዘምር በጎን እያየሁት ነበር። ነገሩን እስካጣራ ድረስ።

ጓደኛዬ ዳሊት ነው። በካስት ሥርዓት ከሁሉም በታች የተጣለ፣ ለዘመናት «የማይነካ» ሲባል የኖረ ሕዝብ ልጅ። ሕንድ ነፃ ከወጣች በኋላ ይህን በደል ለመካስ ብላ ለእነዚህ ሕዝቦች በትምህርትና በመንግሥት ሥራ ኮታ አስቀመጠች። በአንድራ ፕራዴሽና በቴላንጋና ኮታው 15 በመቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950 የወጣው የፕሬዚዳንቱ ትእዛዝ ግን ሦስተኛ አንቀጽ አለው። ሂንዱ ያልሆነ ሰው በዚህ ዝርዝር ውስጥ አይቆጠርም ይላል። በ1956 ሲኮች ተጨመሩ፤ በ1990 ቡዲስቶች። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ውጭ ቀረ። ጓደኛዬ «ክርስቲያን» ብሎ ቢጽፍ ከ15 በመቶው ዝርዝር ወጥቶ ክርስትና ለተቀበሉ ዳሊቶች ወደ ተመደበው ዝርዝር ይዛወራል። የዚያኛው ኮታ ስንት መሰላችሁ? 1 በመቶ።

የጓደኛዬ ቤተሰብ ከተጠመቀ ሦስት ትውልድ አልፏል። ቤታቸው አሁንም ከመንደሩ ተነጥሎ ዳሊቶች በሚኖሩበት ሰፈር ነው። አባቱ በልጅነቱ መንደሩ ሻይ ቤት ሲሄድ የሚቀዳለት ለዳሊት ተለይቶ በተቀመጠ ብርጭቆ ነበር። ባለሻይ ቤቱ ብርጭቆውን ሲለይ «ተጠምቀሃል ወይስ አልተጠመቅክም?» ብሎ አልጠየቀም። ቤተ ክርስቲያኑም ቢሆን ንጹሕ አይደለም፤ በታሚል ናዱ በቲሩቺራፓሊ ከተማ የዳሊት ክርስቲያኖችን መቃብር ከሌላው ክርስቲያን መቃብር የሚለይ ግንብ አለ። የመንግሥት መከራከሪያ ግን «ክርስትናና እስልምና እኩልነትን ስለሚሰብኩ ወደ እነሱ የሄደ ሰው ካስት የለውም» ነው። መንግሥት በዚህ ጉዳይ የሚያምነው መጽሐፉን ነው፤ ባለሻይ ቤቱን አይደለም።

ይህን ሁሉ የማወራው አንድ ክርክር ስላሰለቸኝ ነው። ሕንድ እያለሁ ሰማሁት፣ አገር ቤት ስመለስ ሰማሁት፣ አሁንም ሶሻል ሚዲያ በከፈትኩ ቁጥር አየዋለሁ። «መንግሥት ለሃይማኖት ማኅበረሰብ ለይቶ ድጎማ መስጠት የለበትም። ድሃ ድሃ ነው። ሙስሊም ድሃ፣ ክርስቲያን ድሃ የሚባል ነገር የለም።» ሲሰሙት ያምራል። ዘመናዊ ነው፣ ፍትሓዊ ይመስላል፣ ላይክም ያመጣል። እኔም በአንድ ወቅት ብዬዋለሁ። ዛሬ ግን ይህን የሚለኝ ሰው ሳገኝ የጓደኛዬን ፎርም ነው የማስበው። ሃይማኖት ሲነፍጉ ይጠየቃል። ሲሰጡ ብቻ ነው «አይጠየቅም» የሚባለው።

መጀመሪያ ስለራሴ አንድ ነገር ላስቀድም፣ በኋላ «አንተስ?» እንዳትሉኝ። የአሶሳ ልጅ ነኝ። አያቶቼ በ1977ቱ ድርቅ ከወሎ በሰፈራ የመጡ ናቸው። ዩኒቨርሲቲ የገባሁት ለታዳጊ ክልል ተማሪዎች በሚወጣው ዝቅ ያለ መቁረጫ ነጥብ ነው። ዶርም ውስጥ ይህ ሲታወቅ ምን እንደሚባል የምታውቁ ታውቁታላችሁ። አንደኛ ዓመት ላይ ፊዚክስ ክፍል ውስጥ እጄን አላወጣም ነበር፤ ብሳሳት «ኮታ» እንዳልባል። ስለዚህ ድጋፍ ተቀብሎ ማፈር ምን እንደሚመስል ከውስጥ አውቀዋለሁ። ሌላም የማውቀው አለ። ነጥቡ የተቀነሰው ለክልሉ ነው፤ የተጠቀምኩት ግን ከተማ ያደግኩት፣ አባቱ አስተማሪ የሆነው እኔ ነኝ። ከአሶሳ ወጣ ብሎ ያለው የበርታ መንደር ልጅ፣ ክልሉ በስሙ የተጠራለት ልጅ፣ 12ኛ ክፍል እንኳ አልደረሰም። ለቦታው የተሰጠ ድጋፍ ቦታው ውስጥ ያለው ጠንካራ ይቀድመዋል። ይህን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ሕንድ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 2005 የጠቅላይ ሚኒስትር ማንሞሃን ሲንግ መንግሥት በዳኛ ራጂንደር ሳቻር የሚመራ ኮሚቴ አቋቋመ። ሥራው አንድ ነበር፦ የሕንድ ሙስሊሞች ኑሮ ምን ይመስላል? በሚቀጥለው ዓመት ኅዳር ላይ ከ400 ገጽ በላይ ሪፖርት ወጣ። ከዚያ በፊት ወሬው «ሙስሊሞች ይባበላሉ፣ መንግሥት ይለማመጣቸዋል» የሚል ነበር። ሪፖርቱ ቁጥሩን አመጣ። በ2001 ቆጠራ ሙስሊሞች ከሕዝቡ 13.4 በመቶ ነበሩ። በአገሪቱ ከፍተኛ የአስተዳደር አገልግሎት ውስጥ ግን 3 በመቶ፣ በውጭ ጉዳይ አገልግሎት 1.8 በመቶ፣ በፖሊስ ከፍተኛ መኮንንነት 4 በመቶ። በታወቁ ኮሌጆች ከ25 የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች አንዱ፣ ከ50 የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዎች አንዱ ብቻ ሙስሊም ነው። «ልጆቻቸውን መድረሳ ስለሚልኩ ነው» ይባል ነበር፤ መድረሳ የሚማሩት ግን ለትምህርት ከደረሱት ሙስሊም ልጆች 3 በመቶ ያህሉ ሆነው ተገኙ። የሚባበል ሰው እንዲህ ነው የሚመስለው?

«ድሃ ድሃ ነው» የሚለው ክርክር እዚህ ላይ ይሰበራል። ድህነት ብቻ ቢሆን ኖሮ ድህነትን መቁጠር በበቃ። ነገር ግን የሙስሊም ስም ያለው ሰው ባንክ ሄዶ ብድር ሲከለከል፣ ቤት ሊከራይ ደውሎ ስሙን ሲናገር «ተከራይቷል» ሲባል፣ የደሞዙን መጠን ማንም አልጠየቀውም። እኔ ራሴ ከአንድ ሙስሊም ኢትዮጵያዊ ጋር ሆነን ቤት ስንፈልግ፣ ደላላው እኔን ከጎን ጠርቶ «ለብቻህ ከሆነ አለ» ብሎኛል። ሁለታችንም እኩል ድሆች ነበርን።

ከሪፖርቱ ጋር ተያይዞ ብዙ ነገር ተጀመረ። የአናሳ ጉዳዮች ሚኒስቴር በ2006 ጥር ላይ ተቋቁሞ ነበር። ለስድስት የሃይማኖት ማኅበረሰቦች ማለትም ለሙስሊም፣ ለክርስቲያን፣ ለሲክ፣ ለቡዲስት፣ ለፓርሲና በ2014 ለተጨመሩት ለጄይኖች ስኮላርሺፕ፣ ብድር፣ የሥልጠና ፕሮግራም ወጣ። አንዳንዱ ያስቃል። ፓርሲዎች ቁጥራቸው እያለቀ ነው፤ በ2011 ቆጠራ 57,264 ነበሩ። መንግሥት በ2013 «ጂዮ ፓርሲ» የሚል ፕሮግራም አውጥቶ መውለድ ላቃታቸው ጥንዶች የሕክምና ወጪ መክፈል ጀመረ። ወጣቶቹን ተጋቡ፣ ውለዱ የሚል ማስታወቂያም ነበረው፤ ፓርሲዎቹ ራሳቸው ተሳስቀውበታል። ሰው ግን ያላስተዋለው ነገር አለ። ፓርሲ በሕንድ ሀብታም ከሚባሉት አንዱ ነው፤ ጄይኖች በ2001 ቆጠራ 94.1 በመቶ ማንበብና መጻፍ የሚችሉ ነበሩ። ለእነሱ የተሰጠውን «ማባበል» ብሎ ጎዳና የወጣ ሰልፈኛ አላየሁም። ቃሉ ለአንድ ማኅበረሰብ ብቻ የተሰፋ ልብስ ነው።

ደግሞስ ስንት ብር ነው? ይሄ ሁሉ ጩኸት የሚጮህበት ገንዘብ? በ2022–23 በጀት የሚኒስቴሩ ድርሻ 50 ቢሊዮን ሩፒ ገደማ ነበር። አጠቃላይ የአገሪቱ በጀት 39 ትሪሊዮን ሩፒ አካባቢ። ከ1,000 ሩፒ ውስጥ 1 ሩፒ ከሩብ ማለት ነው፤ ያውም ከሕዝቡ 19 በመቶ ገደማ ለሚሆኑ ስድስት ማኅበረሰቦች በሙሉ። ማንሞሃን ሲንግ በ2006 መጨረሻ «አናሳዎች፣ በተለይ ሙስሊሞች፣ ከልማቱ እንዲካፈሉ በሀብት ላይ የቀዳሚነት መብት ሊኖራቸው ይገባል» የሚል ይዘት ያለው ንግግር አድርገው ነበር፤ ያቺ ንግግር በ2024ቱ የምርጫ ዘመቻ ሳይቀር በናሬንድራ ሞዲ ተጠቅሳለች። ንግግሯ ከ1 ሩፒ ከሩብ በላይ ዕድሜ አግኝታለች።

በ2022 መጨረሻ እዚያው ነበርኩ። ኅዳር ላይ አንድ ማስታወቂያ ወጣ፦ ከ1ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ላሉ የአናሳ ሃይማኖት ልጆች ይሰጥ የነበረው ስኮላርሺፕ ቀርቷል፣ ከአሁን በኋላ ለ9ኛና ለ10ኛ ብቻ ነው። ምክንያት? እስከ 8ኛ ክፍል ትምህርት በሕግ ነፃ ስለሆነ። ከ1ኛ እስከ 5ኛ ላለ ተመላላሽ ተማሪ ይሰጥ የነበረው ስንት ነበር መሰላችሁ? በዓመት 1,000 ሩፒ። 12 ዶላር ገደማ። ደብተርና ጫማ ነው። ትምህርት ነፃ ሲሆን ጫማም ነፃ የሚሆን ይመስል። ሌላው ምክንያት ደግሞ «ለዳሊቶችም ከ9ኛ ክፍል ነው የሚጀምረው፣ እኩል እናድርገው» የሚል ነበር። እኩል ማድረግ እንዲህም ይቻላል፤ አንዱ የሌለውን ከሌላውም መውሰድ።

ታኅሣሥ ላይ ደግሞ ሚኒስትሯ ስምሪቲ ኢራኒ ለፓርላማ በሰጡት መልስ የማውላና አዛድ ፌሎሺፕ መቆሙ ታወቀ። ይህ ከ2009 ጀምሮ ለአናሳ ሃይማኖት የፒኤችዲ ተማሪዎች የሚሰጥ ነበር፤ በወር 31,000 ሩፒና የቤት ኪራይ። ከ2014–15 እስከ 2021–22 ድረስ 6,722 ተማሪዎች ተመርጠውበት 7.4 ቢሊዮን ሩፒ ገደማ ተከፍሏል። የተሰጠው ምክንያት «ከሌሎች ፌሎሺፖች ጋር ይደራረባል» የሚል ነው። እስቲ ይሄንን አስቡት። አንድ ተማሪ ሁለት ፌሎሺፕ በአንድ ጊዜ መውሰድ አይችልም። ታዲያ ምኑ ነው የተደራረበው? የተደራረበው በር ነው። ሁለት በር ያለው ቤት ስላለህ አንዱን ግንብ አድርገህ ዝጋው ማለት ነው።

እኛ ክፍል ውስጥ ያን ዓመት ብሔራዊ ፈተናውን አልፋ የሚቀጥለውን ዙር ምዝገባ የምትጠብቅ አንዲት ሙስሊም ልጅ ነበረች። አባቷ ሞተር ሳይክል ጠጋኝ ነው። ዜናው የመጣ ቀን ካንቲን ውስጥ ስልኳን ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። «ፈተናውን ማለፌን ለአባቴ ከነገርኩት ገና አንድ ሳምንቱ ነው» አለች። ሌላ አልተናገረችም። በየካቲት አንድ የግል ትምህርት ቤት 7ኛ ክፍል ማስተማር ጀመረች። በሚቀጥለው ዓመት የሚኒስቴሩ በጀት ወደ 31 ቢሊዮን ሩፒ ወረደ።

አሁን ወገኖቼ የሚቆጡበትን ልናገር፤ አንድ ወገን ብቻ ማየት አልወድም። በዚህ ድጎማ ውስጥ ብዙ እርባና ቢስ ነገር ነበር። የሐጅ ድጎማ ዋናው ነው። መንግሥት ለዓመታት ወደ መካ ለሚሄዱ ሰዎች የአውሮፕላን ቲኬት ይደጉም ነበር። ገንዘቡ በአብዛኛው በዚያን ጊዜ የመንግሥት ለነበረው ለኤር ኢንዲያ ነበር የሚገባው። ለሐጅ አቅም ያለው ብቻ ነው የሚሄደው ብሎ ሃይማኖቱ ራሱ ያስተምራል፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2012 ቁርኣንን ጭምር ጠቅሶ በ10 ዓመት ውስጥ ቀስ በቀስ እንዲቆም አዘዘ። በ2018 ቆመ። የሃይደራባዱ የፓርላማ አባል አሳዱዲን ኦዋይሲ ራሳቸው «ገንዘቡ ለሴት ልጆች ትምህርት ይሁን» ሲሉ ነበር። ትክክል ናቸው። በዚያ ገንዘብ «ሙስሊሞች ተደጎሙ» ተባለ፤ የሞተር ሳይክል ጠጋኙ ልጅ ከዚያ ያገኘችው ነገር የለም። በቆመ ጊዜም ሚኒስትሩ ሙክታር አባስ ናቅቪ ገንዘቡ ለአናሳዎች፣ በተለይ ለሴት ልጆች ትምህርት እንደሚውል ተናግረው ነበር። ከዚያ አምስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው የሆነውን ከላይ ነገርኳችሁ።

ስርቆትም ነበር። በ2023 በስኮላርሺፑ ላይ በተደረገ ማጣራት ከታዩት 1,572 ተቋማት 830ው በወረቀት ብቻ ያሉ ወይም የማይሠሩ ሆነው ተገኙ፤ በአምስት ዓመት 1.4 ቢሊዮን ሩፒ በላይ ተበልቷል። ጉዳዩ ለፌዴራል መርማሪ ቢሮው ተመራ። ይበል ነው፤ ሌባ ይታሰር። ነገር ግን የሌለ ትምህርት ቤት ስም የመዘገበ፣ የባንክ ሂሳብ የከፈተ፣ አረጋግጫለሁ ብሎ የፈረመ ሰው አለ፤ የ3ኛ ክፍል ተማሪ አይደለም። ማዳበሪያ ሲሰረቅ ግብርና ይቁም ያለ መንግሥት አላውቅም።

የማንሞሃን ሲንግ ፓርቲም ቢሆን ቅዱስ አልነበረም። በ2008–09 አናሳዎች ለበዙባቸው 90 ወረዳዎች ብሎ ትልቅ ፕሮግራም አወጣ፤ ጥሩ ነው። ነገር ግን የሕንድ «ዲስትሪክት» እኛ ከምንለው ወረዳ እጅግ ይሰፋል፤ የአንዱ ሕዝብ በሚሊዮን ይቆጠራል። ገንዘቡ ለዲስትሪክቱ ሲሰጥ ክፍሉም፣ ጤና ኬላውም፣ ኮሌጁም ዲስትሪክቱ ውስጥ ተሠራ፤ የሙስሊሙ ሰፈር ግን ሌላ ጥግ ላይ ነበር። ይኸው ነው ቅድም ያዙልኝ ያልኩት። አሶሳና የበርታው ልጅ። «ለሰው ሳይሆን ለቦታ እንስጥ፣ ያኔ ማንም አይቆጣም» የሚለው ብልጠት ውጤቱ ይኸው ነው። ማንም አልተቆጣም፤ የታሰበለትም አላገኘም።

«ቢሆንም» ይለኛል አንድ ወዳጄ፣ «ሕገ መንግሥታቸው በሃይማኖት አትለይ ይላል። መርህ መርህ ነው።» መርህ ከሆነማ እንነጋገር። በ2005 የአንድራ ፕራዴሽ መንግሥት ለሙስሊሞች 5 በመቶ ኮታ ሲያወጣ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ሻረው። እሺ። በዚያው ግዛት፣ በዚያው ዓመት፣ ጓደኛዬ ገና ሕፃን ሳለ፣ ወላጆቹ ሃይማኖቱ ምን ተብሎ ይጻፍ እያሉ ይመክሩ ነበር፤ ምክንያቱም መስቀል ቤት ግድግዳ ላይ ከታየ የዳሊትነት የምስክር ወረቀቱ ሊቀር ይችላል። ሙስሊም ነህና አትሰጥም የሚለው በሃይማኖት መለየት ካልሆነ፣ ሙስሊም ነህና ይሰጥህ የሚለው እንዴት ብቻውን በሃይማኖት መለየት ይሆናል?

አምበድካርን ታውቃላችሁ። የሕንድ ሕገ መንግሥት አርቃቂ ኮሚቴ ሊቀ መንበር፣ ራሱ ዳሊት። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 1956 ናግፑር ላይ በመቶ ሺዎች ከሚቆጠሩ ተከታዮቹ ጋር ቡዲስት ሆነ። ይህ ሕዝብ በዚያች ቀን ካስቱን ጥሎ ወጣሁ አለ፤ መንግሥት ደግሞ «እንኳን ደስ አላችሁ፣ ከዝርዝሩም ወጣችሁ» አለው። ወደ ዝርዝሩ እስኪመለሱ 34 ዓመት ፈጀ። በእነዚያ 34 ዓመታት ቡዲስት የሆነ ዳሊት ልጅ ትምህርት ቤት ገብቶ፣ ተመርቆ፣ ሥራ አጥቶ፣ ልጅ ወልዶ ሊሆን ይችላል። በ2007 የራንጋናት ሚሽራ ኮሚሽን ከዳሊት ዝርዝር ላይ የሃይማኖት ቅድመ ሁኔታው ይነሣ ብሎ መክሮ ነበር። መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ። በ2022 ሌላ ኮሚሽን ተቋቋመ።

በ2024 ኅዳር ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የአንዲት የፑዱቼሪ ሴትን ጉዳይ ወሰነ። ሴትዮዋ በዳሊት ኮታ የቢሮ ጸሐፊነት ሥራ ለማግኘት አመልክታ ነበር። ባለሥልጣናቱ ሄደው አጣሩ፤ በሕፃንነቷ ተጠምቃለች፣ ቤተ ክርስቲያንም ትሄዳለች። ፍርድ ቤቱ በልቧ ሳታምን ለኮታ ብላ ሂንዱ ነኝ ማለቷ በሕገ መንግሥቱ ላይ የተፈጸመ ማጭበርበር ነው አለ። ፍርዱን ሳነብ ጓደኛዬን አሰብኩት፣ ከዚያ ራሴን፤ «የካደ» ብዬ በልቤ የጻፍኩበትን ቀን። እኔና ዳኞቹ አንድ ዓይነት ፍርድ ነበር የፈረድነው። ሁለታችንም ሰውየውን «ለምን ዋሸህ?» ብለን ጠየቅን። «ማን አስዋሸህ?» አላልንም።

አንድ ማታ ይኸው ጓደኛዬ ሆስቴሉ ጣሪያ ላይ ተቀምጠን «እናንተ አገር ካስት አለ?» ብሎ ጠየቀኝ። ወዲያው «የለም» አልኩት። በጣም ቶሎ ነው ያልኩት። ከዚያ ዝም አልኩ፤ ምክንያቱም ሸክላ ሠሪው፣ ቀጥቃጩ፣ ቆዳ ፋቂው ትዝ አሉኝ። «ከነሱ ጋር አትጋባ» የሚባሉት፣ ዓይናቸው የሚፈራው። በከፋ ማንጆ የሚባሉት ሰዎች ከሌላው ጋር አንድ ማዕድ እንዳይቀርቡ ሲገፉ የኖሩት። «አለ» አልኩት በመጨረሻ፣ «ስም አላወጣንለትም እንጂ።» «ስም ከሌለው ፎርም ላይ አይሞላም፣ እድለኞች ናችሁ» ብሎ ሳቀ። ሳቁ ደስ አላለኝም።

እኛ ደግሞ የምንጠይቀው ሌላ ነው። ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 89 ላይ በዕድገት ወደ ኋላ ለቀሩ ብሔር ብሔረሰቦች መንግሥት ልዩ ድጋፍ ያደርጋል ይላል፤ ለሃይማኖት እንዲህ ያለ ነገር የለም፣ መንግሥትና ሃይማኖት ተለያይተዋል። «ጎበዝ፣ ይኸው የተሻለ» የሚል አለ። ይሁን። ግን ሚያዝያ 12 ቀን 1966 በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ከመቶ ሺህ በላይ ሰው የወጣው ለምን ነበር? የሙስሊሙ በዓል በዓል ተብሎ እንዲከበር፣ ሙስሊሙ በአገሩ እንደ እንግዳ እንዳይቆጠር ነበር። እስከዚያ ድረስ መንግሥት የሃይማኖት ድጎማ አልሰጥም ብሎ ነበር? ለአንዱ ቤት መሬትም በዓልም ሥልጣንም ሰጥቶ ነበር፤ ያኔ ስሙ ድጎማ አልነበረም፣ አገር ነበር። ስለዚህ ከአሁን ጀምሮ ሁሉም እኩል ነው ብሎ መዝገቡን መዝጋት ትናንት ያተረፈውን ትርፉን አስይዞ መዝጋት ነው።

የምለው ሚኒስቴር ይቋቋም አይደለም። የምለው ይቆጠር ነው። ከዚህ ማኅበረሰብ ስንት ልጅ 12ኛ ክፍል ደረሰ፣ ስንቱ ብድር ጠይቆ ተከለከለ፣ ስንቱ ዳኛ ሆነ። ሕንዶች በ2006 ቆጠሩ፤ መልሱ ስላልጣማቸው ረሱት። በ2021 መካሄድ የነበረበት የሕዝብ ቆጠራቸውም ወደ 2027 ተገፍቷል። ድጋፍ ሲወጣ ደግሞ በሕግ ይውጣ፤ አንድ ሚኒስትር ፓርላማ ላይ ቆሞ በሁለት አረፍተ ነገር እንዳያጠፋው። የ3ኛ ክፍል ልጅ ጫማ የማንም ፓርቲ ስጦታ መሆን የለበትም።

ባለፈው መስከረም ጓደኛዬ ዋትስአፕ ላይ ፎቶ ላከልኝ። ወንድ ልጅ ወልዷል። ከታች ሁለት ስም ጽፎ ነበር፤ አንዱ የነቢይ ስም፣ ሌላው የሂንዱ። «በየትኛው ልጥራው?» ብዬ ጻፍኩለት።

«አንተ በመጀመሪያው» አለኝ። «ሁለተኛውን እኛም ቤት ውስጥ አንጠቀምበትም።»